«የአባቴን ዘፈን ደጋግሜ ሰምቼ ጨረስኩት»

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። አባቴ የአይሱዙ ሹፌር ነበር፤ ከመሐል ሜዳ በግና ገብስ እየጫነ ይመላለስ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔንም ጋቢና አስቀምጦ ይወስደኛል። መኪናው ውስጥ ያለችው ካሴት አንዲት ብቻ ናት፤ በክራር የተዘፈነ ትዝታ ያለባት። አባቴ በ2011 ዓ.ም. አረፈ። ከዓመት በኋላ ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ አገኘሁት። መጀመሪያ የሰማሁት ሌሊት የናፍጣው ሽታ፣ ወንበሩ ላይ የተነጠፈው አጎዛ፣ መሪው ላይ ያለው እጁ ሁሉ መጣብኝ፤ እስኪነጋ አለቀስኩ። ከዚያ የስልኬ ጥሪ አደረግኩት። ማታ ማታ ሳልሰማው አልተኛም። አሁን ግን ምንም አያመጣልኝም። ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ተከፈተና ትዝ ያለኝ ያልከፈልኩት የቤት ኪራይ ነው። አባቴን ረሳሁት ማለት ነው? ካሴቷ አሁንም እናቴ ሣጥን ውስጥ አለች፤ ክሯ ወጥቶ ተጠላልፏል፣ ማጫወቻም የለንም።

መልስ

ልጄ፣ አባትሽን አልረሳሽውም። የደከመው ዘፈኑ ነው፤ ያደከምሽውም ከናፍቆት ብዛት ነው።

ያደግሽው በግ ሲጫንና ሲወርድ እያየሽ ስለሆነ በዚያው ልንገርሽ። በአንድ ገመድ አንድ በግ ብታስሪ፣ ገመዱን ስትስቢ በጉ ይመጣልሻል። በዚያው ገመድ አርባ በግ ብታስሪበት ስትስቢ የትኛው እንደሚመጣ አታውቂም። ያ ዘፈን ለዓመታት የታሰረው ከአባትሽ ጋቢና ጋር ብቻ ነበር። የስልክ ጥሪ ስታደርጊው አከራይሽ ደወለች፣ መሥሪያ ቤት ደወለ፣ የተሳሳተ ቁጥር ደወለ፤ ሁሉም በዚያው ገመድ ታሰሩ። ማታ ስትሰሚውም የድካምሽ፣ የመኝታሽ፣ የነገ ሐሳብሽ ዘፈን ሆነ። የሰውን የማስታወስ ችሎታ ያጠኑ ሊቃውንትም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ አንድ ምልክት ከብዙ ነገር ጋር በተያያዘ ቁጥር አንዱን ለይቶ የማምጣት ኃይሉ ይቀንሳል። በጉ ግን አልጠፋም፤ አባትሽ አሁንም እዚያው አለ።

ዘፈን ከፎቶ ይልቅ ለምን እንዲህ እንደሚይዘን እኔም ብዙ ዘመን ስጠይቅ ኖሬያለሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፒተር ጃናታ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ፣ ሰዎች ልጆችና ጎረምሶች ሳሉ ታዋቂ የነበሩ ዘፈኖችን እያሰማቸው አንጎላቸውን በመሣሪያ ተመልክቶ ነበር። ከግንባር ጀርባ ያለ አንድ የአንጎል ክፍል የዜማውን አካሄድም፣ ዘፈኑ የቀሰቀሰውን የራሳቸውን ትዝታም አብሮ ሲከታተል አገኘው። ዜማውና ያ ቀን አንድ ቦታ ይገናኛሉ ማለት ነው። ደግሞም ሰው ሸምግሎ ወደ ኋላ ሲያስብ አብዝቶ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ባለው ጊዜ የሆነበትን ነው። አንቺም ጋቢና የተቀመጥሽው በዚያው ዕድሜ ይመስለኛል። በደንብ ነው የታተመብሽ።

የራሴን ልንገርሽ። በደርግ ጊዜ ነው፤ 13 ዓመቴ ነበር። አባቴ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ሰንብቶ ወደ ደብረ ሲና ስንመለስ፣ አንድ ዘመዳችን በጭነት መኪና ጋቢና ይዞን ሄደ። አባቴ ከአዲስ አበባ ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረም። ሐኪሙ ምን እንዳለው እኔ አላውቅም ነበር። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል፤ ሬዲዮው የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ያሰማል። ከዚያ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ ያሠራው ዋሻ ውስጥ ገባን። ዋሻው ውስጥ ሬዲዮ አይዝም። ዘፈኑ መሐል ላይ ተቆረጠና ሽሽሽ የሚል ድምፅ ብቻ ቀረ። ያኔ አባቴ በጨለማው ውስጥ፣ ከተቆረጠበት ተቀብሎ መዝፈን ጀመረ። ሳል የሰባበረው ቀጭን ድምፅ ነበር። ሹፌሩ የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰለት። በወዲያኛው በኩል ስንወጣ ዘፈኑ አልቆ ዜና ተጀምሯል፤ አባቴም ዝም አለ። ቁልቁለቱን ስንወርድ የቆላው ሙቀት በመስኮት ገባ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች ከበቡን፣ አባቴ አንድ ጥቅል ገዝቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። በቀጣዩ መስከረም አረፈ።

ያንን ዘፈን ገዝቼው አላውቅም። ልጆቼ ስልኬ ላይ ሊጭኑልኝ ብለው ከልክያቸዋለሁ። በሠርግ ቤት ወይም ሚኒባስ ውስጥ ሳላስበው ሲመጣ እሰማዋለሁ፤ በዓመት አንዴ፣ አንዳንዴም እሱም የለም። ያቺ ቦታ ላይ ሲደርስ ዘፋኙ ይቀጥላል፣ እኔ ግን የምሰማው ዋሻውን ነው። በእኛ ጊዜ ዘፈን የሚመርጥልን ሬዲዮ ስለነበረ ሳናውቀው ተቆጥቦልናል። እናንተ ግን የፈለጋችሁትን ሁሉ ጣታችሁ ሥር ነው የምታገኙት፤ ስለዚህ መቆጠቡ በእናንተ እጅ ወድቋል።

አንድ የጠረጠርኩት ነገርም አለ። ዩቲዩብ ላይ ያገኘሽው እውነት የአባትሽ ካሴት ላይ ያለው ነው? ትዝታ የአንድ ዘፈን ስም ብቻ አይደለም፤ እንደ ባቲ፣ እንደ አምባሰልና እንደ አንቺሆዬ ራሱን የቻለ ቅኝት ነው። ካሳ ተሰማም፣ አስናቀች ወርቁም፣ ማሕሙድ አህመድም፣ በዛወርቅ አስፋውም በየራሳቸው ትዝታን ተጫውተዋል፤ ስንኙም አያያዙም ይለያያል። ዘፋኙን በትክክል አግኝተሽው ቢሆን እንኳ፣ የመኪና ቴፕ ሲያረጅ ይዘገያል፣ ሲዘገይ ድምፁ ይወፍራል። ካሴትም በሙቀትና በአቧራ ይጎዳል። አንቺ በልጅነትሽ የሰማሽው ያንን ዘገምተኛና ወፍራም ድምፅ፣ ከሞተሩ ጩኸት ጋር ነው። የተጣራው ቅጂ የእሱ ወንድም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን አይደለም።

ስለዚህ የምለምንሽ ይህን ነው። ዛሬውኑ ከስልክሽ ጥሪ አንሺው፤ ማታም አትስሚው። እስከሚመጣው ፋሲካ ድረስ ይረፍ። እስከዚያው ያቺ የመጀመሪያዋ ሌሊት ያመጣችልሽን ሁሉ በደብተር ጻፊ። ናፍጣውን፣ አጎዛውን፣ እጁን ለእኔ ጽፈሽልኛል፤ የቀረውንም ሳይደበዝዝ ጻፊው።

ካሴቷን በፍጹም እንዳትጥያት። የተጠላለፈውን ክር ጎትተሽ አትቁረጪው፤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ በጣትሽ ቀስ ብለሽ ፍቺውና፣ በእርሳስ ወይም በቢክ እስክሪብቶ ጥርሱን እያዞርሽ ወደ ውስጥ መልሺው። ከዚያ የሚሠራ ቴፕ ያለው ሰው ፈልጊ፤ በየቤቱ ተሸፍኖ የተቀመጠ አይጠፋም። ካሴቷን ከማስገባትሽ በፊት ክሩን የሚነካውን ብረት አልኮል በነካ ጥጥ አስጠርጊው፣ አለዚያ የቆየው ቆሻሻ ክሩን ይበላዋል። መጀመሪያ ዳር እስከ ዳር አጠንጥኚያት። ስትከፍቺያት በዚያው በመጀመሪያው ጊዜ በስልክ ቅጂያት፤ ሁለተኛ ላትጫወት ትችላለች። ቀድተሽ ስታበቂም ዝጊው፣ ማታ አትስሚው።

ፋሲካው ሲያልፍ አንድ ቀን ፈቃድ ውሰጂና የመሐል ሜዳን መኪና ተሳፈሪ፤ ከተቻለ ጋቢና። ጣርማ በር ላይ የደሴውን መንገድ ትታችሁ ወደ ሞላሌ ስትታጠፉ፣ ያኔ በጆሮሽ አድርገሽ ክፈቺው። ቦታና ዜማ አንድ ላይ ሲመጡ የሚያነሱትን ነገር ብቻቸውን አያነሱትም። እናትሽም አብረውሽ ቢሄዱ እወዳለሁ፤ ያቺን ካሴት እስከ ዛሬ በሣጥን ያስቀመጧት ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሪልኝ። ካሴቷ የ60 ደቂቃ ከሆነች አንዱ ፊት በ30 ደቂቃ ያልቃል፤ የ90 ከሆነች በ45። አባትሽ በመንገዱ ላይ ካሴቷን ይገለብጥባቸው የነበሩ የታወቁ ቦታዎች ነበሩ ማለት ነው፤ አንዱ ዳገት፣ አንዱ ድልድይ፣ አንዱ ቁጥቋጦ። የት የት እንደነበሩ ስትመለሺ ጻፊልኝ።