አከራዩ የሰጠዎት የአስቤስቶስ ሪፖርት ለማፍረስ አይበቃም

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከተሠራ ሕንፃ ምድር ወለል ላይ ሱቅ ተከራይቼ ምግብ ቤት ላደርገው ነው። ወጥ ቤቱን ለማስፋት አንድ ግድግዳና ኮርኒሱ ይፈርሳሉ። አከራዬ የአስቤስቶስ ሪፖርት ሰጥቶኛል። ችግር ቢመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው ወይስ እኔ? ሠራተኞቹ ሰኞ ይጀምራሉ።

መልስ፦ ሰኞ አይጀምሩ። አስቤስቶስ በድሮ ሕንፃዎች ውስጥ የሚገኝ፣ ሲሰበር የሚወጣው ብናኝ ሲተነፈስ የሚያሳምም ቃጫ ነው።

ስለ ተጠያቂነቱ፣ እ.ኤ.አ. የ2012 የአስቤስቶስ ቁጥጥር ደንብ አንቀጽ 4 አስቤስቶስን የመቆጣጠር ግዴታውን የሚጥለው በውል ወይም በኪራይ የጥገና ኃላፊነት ባለበት ሰው ላይ ነው። ኃላፊነቱ ከተከፋፈለ ግዴታውም ይከፋፈላል። ውሉ ምንም ካላለ ቦታውን የሚቆጣጠረው ሰው ይጠየቃል። እርስዎ ግን ስለ ኪራይ ውልዎ አንድም ቃል አልጻፉልኝም። የውስጥ ጥገናን በተከራይ ላይ የሚጥሉ የንግድ ኪራይ ውሎች ብዙ ናቸው፤ ውሉን ሳላይ «እሱ ነው» ብዬ ላጽናናዎት አልችልም።

እኔን ያሳሰበኝ ሪፖርቱ ነው። ደንበኞች እየተመላለሱ የሚወድቁበት ይኸው ነው፤ «ሪፖርት አለ» ይሉና መዶሻ ያነሳሉ። ምርመራው ሁለት ዓይነት ነው። ማኔጅመንት ሰርቬይ የሚባለው ሕንፃው እንደ ወትሮው እያገለገለ ሳለ ሰው ሊነካው ወይም ሊጎዳው የሚችለውን ለማወቅ ነው፤ መርማሪው ግድግዳ አያፈርስም። አከራዮች አብዛኛውን ጊዜ የሚይዙት ይህን ነው። ለእድሳትና ለማፍረስ የሚያስፈልገው ሌላው ነው። መርማሪው የሚፈርሰውን ቦታ በስቶና ሰብሮ ናሙና ይወስዳል፤ ስለዚህም ሰው በሌለበት ይሠራል።

አሁኑኑ ሪፖርቱን ያውጡና ያልተመረመሩ ቦታዎች የተዘረዘሩበትን ገጽ ይፈልጉ። «ከኮርኒስ በላይ፦ አልተከፈተም» የሚል ካገኙ ነጻ ወጡ ማለት አይደለም። የለም የሚያሰኝ ጠንካራ ማስረጃ እስኪገኝ አስቤስቶስ እንዳለ ይቆጠራል። ብሪታንያ ሙሉ በሙሉ ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነውና የሕንፃው ዕድሜም አይረዳዎትም። ኮርኒሱ አስቤስቶስ ያለበት የሙቀትና የእሳት መከላከያ ሰሌዳ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ማንሳቱ በአብዛኛው ፈቃድ ያለው ድርጅት ሥራ ነው፤ ድርጅቱም ለጤናና ደኅንነት ባለሥልጣኑ ለኤችኤስኢ 14 ቀን አስቀድሞ ያስታውቃል። ይህ ሁሉ ለሰኞ አይደርስም።

መርማሪውን የዩካስ (የብሪታንያ ዕውቅና ሰጪ ተቋም) ዕውቅና ካለው ድርጅት ይቅጠሩ። የትኛው ግድግዳ እንደሚፈርስ በፕላኑ ላይ ምልክት አድርገው በጽሑፍ ይስጡት፤ ያልነገሩትን ግድግዳ አይከፍትልዎትም።

«ሠራተኞቹ» እነማን እንደሆኑም አልነገሩኝም። ዘመድ ይሁኑ በእጅ በእጅ የሚከፈላቸው፣ ግዴታዎ አይቀርም። ከአስቤስቶስ የሚመጣው በሽታ ብዙውን ጊዜ ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው የሚወጣው፤ የ3 ዓመቱ የክስ ጊዜም በመሠረቱ መቆጠር የሚጀምረው ሰውየው ሕመሙንና መንስኤውን ካወቀ ወዲህ ነው። ወረቀቶችዎን አይጣሉ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ብሎኛል። ኮርኒሱን «እስቲ ልየው» ብሎ የሰበረ ሰው አለ? ካለ፣ አይጥረጉት፣ በተራ ቫክዩምም አይምጠጡት። ክፍሉን ዘግተው ይውጡ፤ ማን እንደገባና መቼ እንደሆነ ይመዝግቡ፤ ከዚያም የኪራይ ውሉን፣ ሪፖርቱንና ከግንበኛው ጋር የተዋዋሉበትን ወረቀት ይዘው ዛሬውኑ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ።