መልስ፦ 7ኛ ክፍል ለገባች ልጅ የትኛው ክበብ ይሻላል?

እህቴ፣ ደሴ ሴቶች ብቻ የሚማሩበት ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል የገባችው ልጅሽ ክበብ ትግባ ወይስ ጥናቷን ይሻማባታል ብለሻል። ትግባ! ሚኒስትሪ 8ኛ ላይ ነው፤ ዘንድሮ ፋታ አላት።

እኔ ሚኒ ሚዲያን ነው የምመርጥላት። የትምህርት ቤቱን ዜና ተማሪዎቹ ራሳቸው ሰብስበው፣ ጽፈው፣ አርመው በእረፍት ሰዓት በማይክ ያነባሉ። የኳስ ውጤት፣ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ የጠፋ ደብተር ሳይቀር። (ድምፅ ማጉያው ሲያፏጭ ጆሮ ይበሳል፤ እሱን መቻል ነው።) ዓይን አፋር ከሆነች መጀመሪያ ዜና ትጻፍ፤ ማይኩ ይደርሳል።

የሴቶች ክበብም አይቅርባት፤ ስለ ወር አበባ ሳያፍሩ የሚያወሩት እዚያ ነው። ከትምህርት በኋላ የሚቆዩ ከሆነ ግን ሹራብ አስይዣት፤ የጦሳ ተራራን ብርድ ታውቂው የለ! ስንት ሰዓት እንደሚለቋቸውም የክበቡን ተጠሪ መምህር ጠይቂ።