ትሬሲንግ ወረቀት ለተወደደባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሥዕል ዕቃ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው ጥያቄ አንድ ቦታ ላይ ወደቀ፦ ትሬሲንግ ወረቀት ውድ ነው፣ በምን እንተካው? አንድ ነገር ላስቀድም። ይህ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀት ሁለት ሥራ አለው። ከሥሩ ያለውን ያሳያል፤ መስመሩንም ወደ ሌላ ቦታ ያሻግራል። የትኛውን እንደምትፈልጉ ከለያችሁ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ራሱ አያስፈልጋችሁም።

ጥያቄ፦ ንድፌን ወደ ወፍራም የውሃ ቀለም ወረቀት ማሻገር ፈልጌ መስኮት ላይ ለጠፍኩት። ምንም አይታይም።

መልስ፦ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ወፍራም ወረቀት ከሆነ በመስኮት ብርሃን አትልፋ። ንድፉን ፎቶ ኮፒ አድርገህ ዋናውን አስቀምጥ። የኮፒውን ጀርባ፣ መስመር ባለበት ባለበት ብቻ፣ በ4ቢ ወይም በ6ቢ፣ ማለትም ለስላሳና ጥቁር በሆነ እርሳስ አጥቁረው። ትርፉን ዱቄት በጥጥ ጥረገው፤ ይህን ከዘለልክ ንጹሑ ወረቀት በሙሉ ይጠቁርብሃል። ከዚያ ኮፒውን በውሃ ቀለም ወረቀቱ ላይ በፕላስተር ያዘውና መስመሮቹን በቀይ እስክሪብቶ ተከተል። ቀይ ያልኩህ የሄድክበትን ካልሄድክበት እንድትለይ ነው። እጅህ አይክበድ፤ ወረቀቱ ከተሰረጎደ ቀለሙ እዚያ ይጠራቀማል።

ጥያቄ፦ ካርቦን ወረቀት ብጠቀምስ? ርካሽ ነው።

መልስ፦ ለእንጨት ይሁንልሽ። ለውሃ ቀለም ግን ተይው። ቅባት ስላለው በላጲስ አይለቅም፤ ስስ ቀለም ቢደረብበትም አፍጥጦ ይታያል።

ጥያቄ፦ ወረቀት ዘይት ቢቀባ ብርሃን ያሳልፋል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ የቆየ ዘዴ ነው። ወረቀት ብርሃን የሚከለክለው በቃጫዎቹ መካከል አየር ስላለ ነው። ዘይቱ የአየሩን ቦታ ሲይዝ ብርሃኑ ሳይበተን ያልፋል። ችግሩ የምግብ ዘይት በደንብ አይደርቅም፤ የነካውን ሁሉ ያወዛል። የሚደርቀው የተልባ ዘይት ነው። በአኳራጅ አቅጥነህ ስስ አድርገህ ትቀባና ለቀናት ታሰጣዋለህ። የጠረግክበትን ጨርቅ ግን ጨምድደህ ጥግ ላይ እንዳትጥል! የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ የተጨማደደ ጨርቅ በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተህ አድርቀው። እኔን ከጠየቅከኝ ልፋቱ አያዋጣም፤ ወረቀቱም ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የኬክ መጋገሪያ ወረቀትስ?

መልስ፦ ለማየት ይሆናል። ሲሊኮን ስለተቀባ ቀጭን እርሳስ ያንሸራትታል፤ ለስላሳ እርሳስ ወይም ፐርማነንት ማርከር ያዢ። በለስላሳ እርሳስ የሠራሽው መስመር ገልብጠሽ ብታሺው በቀላሉ ወደ ሌላ ወረቀት ይሄዳል። ግን ግልባጩ ነው የሚወጣው፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። እንጨት ወይም ሊኖ (ለመቅረፅ የሚመች ለስላሳ ንጣፍ) ቀርፆ ለሚያትም ሰው ይህ ራሱ ጥቅም ነው፤ ሲታተም መልሶ ይቃናል።

ጥያቄ፦ ንድፍ ለመገልበጥ ከሥር የሚያበራውን የብርሃን ሣጥን መግዛት አልችልም።

መልስ፦ አትግዛ። ጠንካራ ካርቶን፣ ከላይ ወፈር ያለ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር ብርሃኑን የሚያለሰልስ አንድ ነጭ ወረቀት፣ ውስጡ የኤልኢዲ አምፖል። የድሮው የሚግለው አምፖል ካርቶን ውስጥ አይገባም። ታብሌት ላይ ነጭ ምስል ከፍቶ መሥራትም ይቻላል፤ ስክሪኑን በእርሳስ እንዳትጫነው ብቻ።

ጥያቄ፦ እኔ ጥልፍ ነው የምሠራው። አንዱን መስቀል በብዙ ቀሚስ ላይ መድገም አለብኝ፤ ጥቁር ጨርቅም ይመጣል። በየጊዜው መሳል ሰለቸኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ላንቺ የሚሆነው መርፌ ነው። ንድፉን ጠንከር ባለ ወረቀት ላይ ሥሪና መስመሩን ተከትለሽ ቀዳዳዎቹን አቀራርበሽ ብሺው። ለነጭ ጨርቅ የከሰል ዱቄት፣ ለጥቁር የጠመኔ ዱቄት በስስ ጨርቅ ቋጥረሽ ቀዳዳዎቹ ላይ መታ መታ አድርጊ። ወረቀቱ ሲነሳ ንድፉ በነጠብጣብ ተቀምጦ ታገኚዋለሽ። ዱቄቱ ሳይራገፍ ጨርቁ ላይ በሚታይ ቀጭን ጠመኔ አገናኚው። ያው ወረቀት ለብዙ ቀሚስ ያገለግላል። የጣሊያን ሠዓሊዎች የግድግዳ ሥዕል የሚያሻግሩት በዚህ ነበር፤ ሠዓሊው ራፋኤል «የአቴና ትምህርት ቤት» ለተባለው ሥዕሉ ያዘጋጀው ትልቅ ንድፍ ሚላን ከተማ፣ አምብሮዚያና ሙዚየም ውስጥ ከነቀዳዳው አለ። የእኛም ጸሐፊዎች ብራና ከማስመራቸው በፊት ዳርና ዳሩን በወስፌ ይበሱታል። የእነሱ ለመስመር ነው እንጂ ለሥዕል አይደለም፤ ነገሩ ደስ ስለሚለኝ ነው ያነሳሁት።

ጥያቄ፦ ትንሽ ንድፍ ወደ ትልቅ ሸራ ላሳድግ ብፈልግስ?

መልስ፦ እዚያ ትሬሲንግ ወረቀት ቢኖርህም አይረዳህም። በካሬ ሥራ። ንድፉን በ2 ሴንቲ ሜትር፣ ሸራውን በ10 ሴንቲ ሜትር ካሬ ክፈል፤ በእያንዳንዱ ትንሽ ካሬ ውስጥ ያለውን በሸራው አቻ ካሬ ውስጥ ሳል። 20 በ28 የነበረው 100 በ140 ይሆናል።

ጥያቄ፦ ማስተላለፍ ማጭበርበር አይደለም?

መልስ፦ የራስህን ንድፍ ካሻገርክ አይደለም። የሰው ሥራ ገልብጠህ ስምህን ካሰፈርክበት ነው።

ጥያቄ፦ ፌስታልስ ይሆናል?

መልስ፦ ይለጠጣል፤ መስመርህ ይጣመማል። ፎቶ ኮፒ ቤት ጽሑፍ ሲጠርዙ ከላይ የሚያደርጉት ግልጽ ፕላስቲክ ይሻላል። በማርከር ሥራበት፣ በአልኮል ጥረገው፣ እንደገና ሥራበት። ቤት ውስጥ አሮጌ የራጅ ፊልም ካለም አትጣለው። ድሮ በኬሚካል ይታጠብ የነበረው ዓይነት በረኪና ውስጥ ሲዘፈዘፍ ጥቁሩ ይለቅና ሰማያዊ ቢጤ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይቀራል። ጓንት አድርግ፣ መስኮት ክፈት፣ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅል። ከፕሪንተር የሚወጣው አዲሱ ፊልም ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ሐኪም መልሶ ሊያየው የሚችል ራጅ ከሆነም አትንካው።