ጠይቁኝ፦ በመሀል ከተማ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሚማሩ ልጆቻችን

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ባለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ፣ አሁን ዩኒት ሊደር ነኝ። ሮስተር (የተማሪዎች ውጤት መዝገብ) ሲሠራም ሆነ ተማሪ መሸኛ ሲወስድ በእጄ ያልፋል። ካርድ ከተሰጠ ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ ስለበዛብኝ እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ አራት ኪሎ ያለው የልጄ ትምህርት ቤት አማካይ ውጤት ከአምናው ወረደ ተባልን። መምህራኑ ሰንፈው ነው? ላስወጣት?

መልስ፦ እህቴ፣ ከማስወጣትሽ በፊት ማን ወጣ፣ ማን ገባ ብለሽ ጠይቂ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከአራት ኪሎ፣ ቀጥሎም ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ተነሥቶ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል። ልጆቹም መሸኛ እያወጡ ተከትለዋል። በምትካቸው የሚገቡት በአብዛኛው ከክፍለ ሀገር የመጡ፣ አንዳንዶቹም ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ የተመዘገቡ ናቸው።

በቁጥር ላሳይሽ። አንድ ክፍል 40 ልጅ አለው እንበል፣ አማካዩ 70። ከእነሱ ውስጥ አማካያቸው 85 የሆነ 10 ልጆች ለቀቁ፤ አማካያቸው 55 የሆነ 8 ልጆች ገቡ። አስልተሽ እዪው፣ የክፍሉ አማካይ 63 አይሞላም። የአንድም ልጅ ማርክ ግን አልወረደም! ስለዚህ ለዩኒት ሊደሩ «አምናም እዚሁ የነበሩት ልጆች ዘንድሮ እንዴት ናቸው?» በይው። እነሱም ወርደው ከሆነ ያኔ የማስተማሩ ጉዳይ ነው፣ ወመህ (የወላጅና የመምህር ኅብረት) ስብሰባ ላይ አንሺው፣ አትፍሪ።

ጥያቄ፦ አሁን እኛ ሰፈር የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማረው የማን ልጅ ነው?

መልስ፦ የጉልት ነጋዴ፣ የቀን ሠራተኛ፣ የጥበቃ፣ የሊስትሮ፣ የመንግሥት ሠራተኛም ልጅ አለ። ከወላጁ ጋር ሳይሆን ከአክስቱ ወይም ከአያቱ ጋር የሚኖረው ግን ሰው ከሚገምተው በላይ ነው። የሚከፍል አቅም ያለው ቤተሰብ በአብዛኛው ልጁን የግል ትምህርት ቤት አስገብቷል። የሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አስቀምጦ «የመንግሥት መምህር አያውቅም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ በጣም ያመኛል። አንዱ ልጅ ሦስት ዓመት መዋዕለ ሕፃናት ቆይቶ፣ ቤቱ መጽሐፍ እያየ ነው የመጣው። ሌላው እርሳስ የጨበጠው አንደኛ ክፍል ገብቶ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ 7ኛ ወጥቷል። ጋዜጣ ስሰጠው ግን ማንበብ አቃተው። እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሁሉም ወላጅ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ይሆናል፣ ደጋግሜም አይቻለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ ገጹን ሳትደናቀፍ «አነበበችልኝ»። ሥዕሉን በእጄ ሸፍኜ ከታች ወደ ላይ አንብቢ ስላት ዝም አለች። ጣቷ «ሙ» ላይ ቆሞ ቀረ። ምንባቡን በጆሮዋ ነበር የያዘችው። ካርዷ ላይ ግን አማርኛ 78 ይላል። ምክንያቱም ከማርኩ ብዙው የሚያዘው በደብተር፣ በክፍል ሥራና በቡድን ሥራ ነው፤ ጎበዝ የቡድን መሪ ካላት እሷም ታልፋለች።

ፊደላችን 33 ቤት በ7 ድምፅ፣ 231 ነው። ልጆች «ሀ ሁ ሂ» ብለው በዜማ ሲወርዱት ያወቁት ይመስለናል። ፈተናው ከመደዳው አውጥቶ መጠየቅ ነው። በካርቶን ቁራጭ ላይ አንድ አንድ ፊደል ጻፍና በውዝ። በተለይ ካዕብና ራብዕን (እንደ «ሙ» እና «ማ»)፣ ሳድስና ሳብዕን (እንደ «ም» እና «ሞ») እያቀላቀልክ በየማታው 10 ደቂቃ ጠይቀው። ደረጃውን ለጊዜው እርሳው፤ 7ኛ መውጣቱ ስለ ክፍል ጓደኞቹ እንጂ ስለ ንባቡ የሚነግርህ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ምገባው ውጤት ጨምሯል?

መልስ፦ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ይቀርባል፣ ደብተርና ዩኒፎርምም ይሰጣል። ማርኩን በዚህ ያህል ጨመረ አልልም። ያየሁትን ልናገር፦ ድሮ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ጠረጴዛው ላይ የሚተኛ፣ ሆዴን የሚል፣ በእረፍት ወጥቶ የማይመለስ ልጅ ነበር። አሁን ጠዋት በር ሳይከፈት ተሰልፈው እናገኛቸዋለን። በክፍል የሌለ ልጅ ሊማር አይችልም፣ እኔ የምመዝነው በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ክፍል 50 ልጅ አይበዛም?

መልስ፦ ይበዛል።

ጥያቄ፦ ልጃችን ከኦሮሚያ መጥታ ነው፣ አማርኛ ብዙም አትችልም። «ሰነፍ» እያሏት ነው።

መልስ፦ ሰነፍ አይደለችም። ሒሳብ በቁጥር ብቻ ስጧትና ተመልከቱ። አዲስ አበባ ውስጥ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ፤ የሚቀርባችሁን ክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። እዚሁ የምትቆይ ከሆነ ደግሞ ቋንቋዋንም አማርኛንም ከሚችል ልጅ ጎን እንድትቀመጥ ለክፍል ኃላፊዋ ንገሩ።

ጥያቄ፦ 12ኛ ክፍል ላይ ሁሉም የሚወድቀው ከሥር ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበር። ኩረጃው ሲዘጋ የታየው ከታች የተሸከምነው ነው። አሁን ከተማ አቀፍ ፈተና 6ኛ ክፍል ላይም መኖሩን እደግፋለሁ፣ ግን ለማንበብ 6ኛ ክፍልም ዘግይቷል። እኔ ብሆን ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ ላይ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው አስነብቤ ነበር የማሳልፈው።

ጥያቄ፦ ቤት የምታግዘኝ የ13 ዓመት ልጅ አለች፣ ተምራ አታውቅም። ከአንደኛ ክፍል ሕፃናት ጋር ማስቀመጥ ያሳፍራታል ብዬ ተውኩት።

መልስ፦ አይተዉት፣ እትዬ። የማታ ትምህርት ያለበት ትምህርት ቤት ይኖራል፣ ለዕድሜያቸው የሚሆን አማራጭ መሠረታዊ ትምህርትም አለ። ምዝገባው ሳያልፍ ወደ ወረዳችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይዘዋት ይሂዱ። ትምህርቱ ሲጀመር ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ሥራ አይስጧት። እኛ ዘንድ ተመዝግበው ከሚያቋርጡት ብዙዎቹ እራት ሳይሠሩ መውጣት የተከለከሉ ሴቶች ልጆች ናቸው።