የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ልብስን በቤት ውስጥ መስፋት

የራሳቸውን ልብስ በትርፍ ጊዜያቸው መስፋት የጀመሩ አንባቢዎች የላኳቸው ጥያቄዎች ስለበዙ የዚህን እትም አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። ተመሳሳይ የሆኑትን ደብዳቤዎች በአንድ ጠቅልለን፣ ረዘም ያለ ማብራሪያ የሚያስፈልጋቸውን ሰፋ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የስፌት መኪና በስጦታ አግኝቻለሁ፤ ነገር ግን ቁልፍ ከመትከል ያለፈ ስፌት አላውቅም። የሚያውቁ ሰዎች በትራስ ልብስና በመጋረጃ ጀምሪ ይሉኛል። እኔ የምፈልገው ግን የምለብሰውን ነገር መስፋት ነው። ከየትኛው ልብስ ልጀምር?

መልስ፦ ፍላጎትዎ ትክክለኛ ነው። የትራስ ልብስ ቀጥ ያለ መስመር መስፋትን ያስተምራል፤ ጨርቅን ከሰውነት ቅርጽ ጋር ማስማማትን ግን አያስተምርም፤ የልብስ ስፌት ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ይኸው ነው። ስለዚህ ወገቡ በላስቲክ የሚሰበሰብ ጉርድ ቀሚስ ወይም ሰፋ ያለ የመኝታ ሱሪ ይምረጡ። ሁለቱም ዚፕ፣ ኮሌታና እጅጌ የላቸውም፤ በልክ መቀመጥ ያለባቸውም ወገብ ላይ ብቻ ስለሆነ ላስቲኩ ትንንሽ የልኬት ስሕተቶችን ይሸፍንልዎታል። ጨርቁ መካከለኛ ውፍረት ያለው ጥጥ ይሁን። እንደ ሳቲን የሚያዳልጥ ወይም እንደ ቲሸርት የሚለጠጥ ጨርቅ ለጊዜው ይቆይ። እጅጌ ያለው ልብስም ጥቂት ሥራዎች ከሠሩ በኋላ ቢመጣ ይሻላል፤ ትከሻ ላይ በልክ በሚቀመጥ ልብስ የእጅጌው አናት ዙሪያ ከሚገጠምበት የብብት ዙሪያ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ስለሚበልጥ፣ ይህንን ትርፍ ሳይጨማደድ አከፋፍሎ መስፋት የለመደ እጅ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ለራሴ የጥጥ ሱሪ ሰፋሁ። ስለብሰው በልኬ ነበር፤ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ግን አጠረ፣ የአንዱ እግር የጎን ስፌትም ዞሮ ወደ ፊት መጣ። ስፌቱ ቀጥ ያለ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ታዲያ ጥፋቱ የት ላይ ነው?

መልስ፦ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ይበልጥ ደስ ብሎን የምንመልሰው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጀማሪዎች መኪናቸውንና እጃቸውን ሲወቅሱ፣ የልብሱ ዕድል ግን መቀሱ ጨርቁን ከመንካቱ በፊት ተወስኖ ያደረ ነው። እርስዎ የገጠመዎት አንድ ሳይሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው ማጠር ነው። ጨርቅ ሲሸመን ድሩ ተወጥሮ ነው የሚያዘው። ጨርቁ ሲታጠብ ያ ውጥረት ይላላና ክሮቹ ወደ ተፈጥሯዊ ርዝመታቸው ይሰበሰባሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጨርቅ በወርዱ ከሚሸበሸበው ይልቅ በቁመቱ የሚሸበሸበው የሚበልጠው ለዚህ ነው። በፋብሪካ አስቀድሞ ያልተሰበሰበ የጥጥ ጨርቅ በ5 በመቶ ቢያጥር፣ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ሱሪ 5 ሴንቲ ሜትር ያጣል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ልብሱን ወደፊት በምን ዓይነት ውኃና በምን አኳኋን እንደሚያጥቡት ያስቡና ጨርቁን ከመቅደድዎ በፊት ልክ እንደዚያው አጥበው፣ አድርቀውና ተኩሰው ያዘጋጁት።

ሁለተኛው የድሩ አቅጣጫ ነው። ድር ከጨርቁ ያልተቆረጠ የዳር ጠርዝ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚሄደው ክር ሲሆን፣ እሱን አቋርጦ የሚያልፈው ማግ ነው። የሱሪው እግር መሐል ለመሐል ድሩን ተከትሎ ካልወረደ ጨርቁ ሲታጠብ ክሮቹ ወደሚመቻቸው ቦታ ይዞራሉ፤ ልብሱንም አብረው ያዞሩታል። በወረቀት ንድፉ ላይ ያለው ረጅም ቀስት የድሩን አቅጣጫ የሚያመለክት ምልክት እንጂ ጌጥ አይደለም። ንድፉን ጨርቁ ላይ ሲያነጥፉ ከቀስቱ የላይኛው ጫፍ እስከ ጨርቁ የዳር ጠርዝ ይለኩ፤ 18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከታችኛው ጫፍም ልክ 18 መሆን አለበት፤ 17 ከሆነ ያንቀሳቅሱት። በዓይን ግምት ማለፍ እዚህ ላይ አያዋጣም። ጨርቁ ራሱ ተጣሞ የመጣ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ በተቆረጠው ጫፍ በኩል አንድ የማግ ክር በመርፌ አንሥተው ቀስ እያሉ ይሳቡ። ክሩ የወጣበት ቦታ ስስ መስመር ይሠራል፤ በዚያ መስመር ላይ ከቆረጡ በኋላ ጨርቁን ሁለት ሲያጥፉት ማዕዘኖቹ ካልገጠሙ፣ አጠር ያሉትን ማዕዘኖች ይዘው በሰያፍ እየሳቡ ያስተካክሉት። ሁለት ሰው ቢሆን ይቀላል።

ይህ የሰያፍ መለጠጥ ጉዳት ብቻ እንዳይመስልዎ። በ45 ዲግሪ የተቀደደ ጨርቅ ሳይጠብቅ ሰውነት ላይ ይፈስሳል፤ የፈረንሳይዋ የልብስ ንድፍ ባለሙያ ማድሌን ቪዮኔ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዝነኛ የሆነችው ይህንኑ ጠባይ አውቃ በመጠቀሟ ነው። ልዩነቱ እሷ ያደረገችው ሆን ብላ መሆኑ ነው።

የዞረውን ሱሪ ተርትሮ እንደገና መስፋት አያድነውም፤ ቅዱ ያው ነውና። ከጉልበት በላይ ቆርጠው ቁምጣ ቢያደርጉት ግን ርዝመቱ ባነሰ መጠን መዞሩም እምብዛም አይታይም።

ጥያቄ፦ ስሰፋ የጨርቁ የላይኛው ገጽ ያማረ ይሆናል፤ ከሥር ግን ክሩ ተጠላልፎና ተከምሮ አገኘዋለሁ። የታችኛውን ክር ደጋግሜ ብቀይርም አልተስተካከለልኝም።

መልስ፦ የተጠላለፈው ከታች ስለሆነ ጥፋቱም ከታች ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የላይኛው ክር ነው። ኤልያስ ሃው እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብት ካገኘበት መኪና አንሥቶ፣ ዛሬ በየቤቱ ያሉት የስፌት መኪናዎች በአብዛኛው የሚሰፉት የላይኛውንና የታችኛውን ክር በጨርቁ ውፍረት መካከል በማያያዝ ነው። የሁለቱ ውጥረት ሲመጣጠን የሚያያዙበት ነጥብ በጨርቁ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ የላይኛው ሲላላ ግን የታችኛው ወደ ራሱ ይጎትተዋል። የላይኛውን ክር የሚወጥሩት ሁለት ተደራራቢ ክብ ብረቶች ጨርቁን የሚጫነው እግር ሲወርድ ይገጥማሉ፣ ሲነሣ ይከፈታሉ። እግሩ ወርዶ ሳለ ክር ካስገቡ ክሩ በብረቶቹ መካከል ሳይገባ በላያቸው ያልፋል፤ ስለዚህም ምንም የሚወጥረው ነገር አይኖርም። እግሩን አንሥተው የላይኛውን ክር ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ያስገቡት። ውጥረቱን የሚያስተካክለውን ቁልፍ ለማዞር ከዚያ በፊት አይቸኩሉ።

በዚሁ አጋጣሚ መርፌውንም ይለውጡ። በማሸጊያው ላይ 80 የሚለው ቁጥር የመርፌው ውፍረት 0.8 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል፤ ለመካከለኛ ጥጥ 80፣ ለስስ ጨርቅ 70፣ ለጂንስ 100 ይስማማል። ለሚለጠጥ ጨርቅ ግን ክሩን ሳይበጥስ በክሮቹ መካከል የሚያልፍ፣ ጫፉ ዶልዶም ያለ መርፌ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በቤት መስፋት ከመግዛት ይረክሳል?

መልስ፦ ጨርቁን፣ ክሩንና ጊዜዎን ከቆጠሩ ብዙውን ጊዜ አይረክስም። ትርፉ የሚገኘው ልብሱ በልክዎ በመሆኑና የተበላሸውን ራስዎ መጠገን በመቻልዎ ነው።

ጥያቄ፦ የምሰፋቸው ልብሶች በልኬ ናቸው፣ ስፌታቸውም ደኅና ነው፤ ሆኖም ቤት የተሰፉ መሆናቸው ከሩቅ ያስታውቃል። ምን ይጎድላቸዋል?

መልስ፦ በእኛ እምነት የሚጎድለው ካውያ ነው። ልብሱ ካለቀ በኋላ መተኮስ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ስፌት እንደተሰፋ ሌላ ስፌት ሳያቋርጠው መተኮስ ማለታችን ነው። በመጀመሪያ ስፌቱን እንደተሰፋ ሳይከፍቱት ይተኩሱት፤ ክሩ ጨርቁ ውስጥ ይሰምጣል። ቀጥሎ ከውስጥ በኩል የተረፈውን ጠርዝ ግራና ቀኝ ከፍተው ይተኩሱ። ካውያውን አይጎትቱት፤ መጎተት ጨርቁን ይለጥጠዋልና ጫን አድርገው ያንሡት።

ሌላው ምክንያት በስፌቱ ውስጥ የሚቀረው ትርፍ ጨርቅ ነው። የታተሙ ንድፎች አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይሰጣሉ፤ ይህ ለቀጥታ ስፌት ተስማሚ ቢሆንም በአንገት ዙሪያ ሲሆን ጨርቁ እንዳይተኛ ያደርገዋል። የአንገቱን ክብ ከሰፉ በኋላ ትርፉን ወደ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ያሳጥሩት፤ ከዚያም በመቀስ ጫፍ ከስፌቱ 2 ሚሊ ሜትር እስኪቀር ድረስ በየጣት ስፋቱ ይሰንጥቁት። ገልብጠው ሲተኩሱት ክቡ ያለ ምንም እብጠት ይተኛል። ስንጥቁ ስፌቱን ከነካ ግን ልብሱ በዚያ በኩል ይተረተራልና ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ ከሱቅ የምገዛው ልብስ ቁጥሬ 40 ነው። የወረቀት ንድፍም በ40 ወሰድኩ፤ ሸሚዙ ግን ደረቴ ላይ አልዘጋ አለ።

መልስ፦ የንድፍ ቁጥርና የሱቅ ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ሸሚዝን በደረትዎ፣ ሱሪን በዳሌዎ ልኬት ከንድፉ ሰንጠረዥ ላይ ይምረጡ። የሚወዱትን ጨርቅ ከመቅደድዎ በፊት ደግሞ በአሮጌ አንሶላ ይሞክሩት፤ ዘርዘር ባለ ስፌት፣ ማለትም በ4 ሚሊ ሜትር ርዝመት ብቻ ይስፉትና ለብሰው ይቀመጡ፣ እጅዎን ያንሡ። የሚጎትትበትን ቦታ በብዕር ምልክት አድርገው ያስተካክሉት። ከተስተካከለ በኋላ ተርትረው፣ የድሩን አቅጣጫ ቀስት ላዩ ላይ ሥለው፣ በወረቀቱ ምትክ እርሱን በንድፍነት ይጠቀሙበት።