ልቡ ላይ ክፍተት ላለበት ልጅ «ማሽን ላይ ይግባ» ተብላ ልፈርም ወይ ለምትለው እህት

እህቴ እግዜር ይማርልሽ። «የ8 ወር ልጄ ልቡ ላይ ክፍተት አለው፣ አሁን በቫይረስ የሳንባ ምች ይዞት መተንፈሻ ማሽን ላይ ይግባ አሉኝ፣ ማሽን የገባ አይወጣም ሲባል ሰማሁ» ያልሽውን አንብቤ ሆዴ ተላወሰ፣ የኔዋም በ11 ወሯ ልክ እንደዚሁ ነበረች።

1. ፈርሚ። ወሬው የመጣው እዛ የሚገቡት በጣም የባሰባቸው ስለሆኑ ነው። ማሽኑ ቫይረሱን አያድንም፣ ልጁ ትንፋሽ ሲስብ ሲስብ ሲደክመው ሰውነቱ እስኪያሸንፍ ይተነፍስለታል በቃ። የኛዎቹ ደግሞ በክፍተቱ ምክንያት ድሮም ሳንባቸው ላይ ደም ይበዛል፣ ለዛ ነው ሌላው ልጅ በጉንፋን የሚያልፈው እነሱን የሚጥላቸው።

2. ሪፈር ካሏችሁ ላይዘኑ (ሪፈሩን ከሌላ ሆስፒታል ጋር የሚያገናኘው ሰራተኛ) ደውሎ አልጋ መኖሩን ሳያረጋግጥልሽ ከበር እንዳትወጪ!! እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። ወረቀት ሰጡኝ ሄድኩ፣ ካርድ ክፍል ያለችው ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «አልጋ የለም፣ ማን ላካችሁ» ብላ መስኮቱን ዘጋችው። ልጄ አምቡላንስ ውስጥ ናት፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ ጠቋሚ ቀዩ ላይ ደርሷል፣ ሊያልቅ ነው፣ ሳቹሬሽኗ (ደሟ ውስጥ ያለው ኦክስጅን) 82%፣ ጎድኗ መሃል ስርጉድ ስርጉድ ይላል። ባሌ በር ላይ ሲጮህ አንዲት ነርስ ወጥታ ድንገተኛ አስገብታ ኦክስጅን ሰካችልን፣ እግዜር ይስጣት። አልጋ ያገኘነው ሌላ ቦታ፣ ማታ ነው። የመስኮቷን ልጅ እስካሁን ይቅር አላልኳትም።

3. ኢኮውን (የልቡን አልትራሳውንድ ውጤት) ያዢ፣ ላዚክስ (ውሃ በሽንት የሚያስወጣውን መድኃኒት) የሚወስድ ከሆነ ስንት ሚሊና መጨረሻ መቼ እንደሰጠሽው ጻፊው። እኔ ኢኮውን ቤት ትቼው... ተይው። ደግሞ ማንም ያልነገረኝ፣ ወደ አየር ቧንቧው የሚገባው የማሽኑ ቱቦ በድምፅ አውታር መሃል ስለሚያልፍ ልጁ ሲያለቅስ ድምፅ የለውም። እንባዋ ጉንጯ ላይ በተለጠፈው ፕላስተር ስር ሲወርድ አፏ ይከፈታል፣ ምንም አይሰማም፣ ድምጿ የጠፋ መስሎኝ ኮሪደር ላይ ወደቅኩ። በ9ኛው ቀን ሲያወጡላት እንደ አሮጊት ሻካራ ሆኖ ወጣ፣ ውሎ አድሮ ተስተካከለ። እኔም አላርሙ ሲጮህ አክታ ይሁን ሽቦ ተነቅሎ እለይ ስለነበር ነርሶቹ «ሲስተር» ነበር የሚሉኝ ሃሃ።

አሁን የት ናችሁ? ኢኮው እጅሽ ላይ አለ? በውስጥ ጻፊልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን።