ቀኝ ክሊክ እምቢ ሲል፦ የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

የሰሞኑ ጥያቄ አብዛኛው ስለ ታችፓድ ነው (ላፕቶፕ ላይ በማውስ ፋንታ በጣት የምንነካው ሰሌዳ)፤ ከባሕር ዳርም ከዘጌም መጥቷል።

ፖሊ የሚማር ልጅ ላፕቶፑ ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም ከጫነ ወዲህ ቀኝ ክሊክ እምቢ ብሎታል። የቀኙን ጥግ ሲጫን እንደ ግራ ይቆጥርበታል። ጠጋኝ ጋ ሲወስደው «ታችፓዱ ሞቷል፣ ይቀየር» ተባለ።

ወንድሜ፣ ብርህን እንዳታወጣ! ግራው እየሠራ ታችፓዱ እንዴት ሞተ? የአሁን ላፕቶፖች አብዛኞቹ ከታችፓዱ ሥር ያላቸው አንድ መጫኛ ብቻ ነው። ቀኙንም ጫን ግራውን፣ የምትሰማው «ቀጭ» የዚያችው የአንዷ ነው። ግራ ነው ቀኝ ነው ብሎ የሚወስነው ድራይቨሩ፣ ማለትም ታችፓዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም ነው። እሱም በሁለት መንገድ ይሠራል፦ ወይ ጣትህ የት ጋ እንዳረፈ ያያል፣ ወይ ስንት ጣት እንዳሳረፍክ ይቆጥራል። ኡቡንቱ የሚጠቀምበት ግኖም (መስኮቱንና ሴቲንጉን የሚያሳይህ ክፍል) እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ወደ ቆጠራው ዞሯል። ስለዚህ ጥጉን በአንድ ጣት ቀኑን ሙሉ ብትጫነው ግራ ነው የሚልህ። ሁለት ጣት አሳርፈህ ጫን፣ የቀኝ ክሊኩ ዝርዝር ይከፈትልሃል። የድሮውን ከፈለግክ በአዲሶቹ ዕትሞች ሴቲንግ ውስጥ ታችፓድ የሚለው ጋ ገብተህ ወደ ጥግ መልሰው፤ በቆዩት ላይ ትዊክስ የሚባለውን ፕሮግራም መጫን አለብህ።

በሁለት ጣትም ካልሠራ ሊኑክሱ ታችፓድህን ባለ አንድ መጫኛ መሆኑን አላወቀው ይሆናል። የሌለ ቀኝ ቁልፍ ሲጠብቅ ይኖራል ማለት ነው። ከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክሱን ዋና እምብርት፣ አፕዴት አድርግ። ጠጋኞችም እባካችሁ፣ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ሌላ ሲስተም ከፍላሽ አስነስታችሁ ሞክሩት። እዚያ ላይ ከሠራ ዕቃው ደህና ነው። ተማሪ ለሁለት ወር የሚበቃውን ብር ለደህና ዕቃ ሲከፍል ማየት ያናድደኛል።

ቀበሌ 14 ጽሕፈት ቤት ያላት እህታችን ዊንዶውስ አፕዴት ካደረገ በኋላ የቀኙ ጥግ ዝም ብሏታል፤ «ፎርማት ላድርገው?» ትላለች። በፍጹም። ሴቲንግ ውስጥ ታችፓድ የሚለውን ክፈቺ፣ የቀኙን የታች ጥግ ለቀኝ ክሊክ የሚያደርገው ላይ ምልክት አድርጊ። እምቢ ካለ ዲቫይስ ማኔጀር ገብተሽ ድራይቨሩን ሮል ባክ አድርጊው፣ ወደ ቀድሞው ዕትም መልሺው ማለት ነው።

ቻርጀር ሲሰካ ብቻ ክሊኩ የሚያብድበት ደግሞ አለ። ነቅለህ ሞክር፤ ከተስተካከለ ጥፋቱ የቻርጀሩ ወይም የመሬት ገመድ የሌለው ሶኬት ነው። ሶኬቱን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይየው።

አንድ መምህር ግን አስደነገጡኝ። ክሊኩ ጠጥሯል፣ በአውራ ጣት ካልገፉት አይሰማም፣ የታችፓዱ አንድ ጎን ትንሽ ከፍ ብሏል። «የሚያለሰልሰው ድራይቨር ይኖራል?» ይላሉ።

መምህር፣ ይሄ የድራይቨር ነገር አይደለም። አሁኑኑ ያጥፉት፣ ቻርጀሩንም ይንቀሉ። በብዙ ላፕቶፕ ባትሪው የሚተኛው ከታችፓዱ ሥር ነው። ሲያረጅና ሲግል ውስጡ ጋዝ ይፈጠራል፣ ያብጣል፣ ታችፓዱን ወደ ላይ ይገፋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ የሚውል ላፕቶፕ ደግሞ ቶሎ ይጎዳል። ዘግተው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና ጥጉን በጣትዎ ነካ ያድርጉት፤ ከተወዛወዘ የታችኛው ሽፋንም ተነፍቷል። ባይወዛወዝም አይመኑት። መልሰው ለማስተኛት አይጫኑት፣ አይውጉት፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዛሬውኑ ባትሪ መቀየር ወደሚያውቅ ባለሙያ ይውሰዱት። «ፈተና አውጥቼ ልጨርስ» አይበሉ፣ ፈተናውን በሰው ኮምፒውተር ያውጡ። የወጣውን ባትሪም ከቤት ቆሻሻ ጋር እንዳይጥሉት።

ከዘጌ የጻፍክልን አስጎብኚ፣ ከጀልባ ወርደህ በእርጥብ እጅ ስትነካው ነው የሚቀባዥረው። እጅህን አድርቅ።

ቀኝ ክሊኩ እስኪስተካከል ለቸኮላችሁ፦ ሺፍትን ይዛችሁ ኤፍ 10ን ተጫኑ፣ ያው ዝርዝር ይከፈታል።